የዛንዚባሩ 2 ሰዓት

አስጎብኚያችን ማታ በዋትስአፕ የላከልኝ መልእክት አጭር ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ነገ 2 ሰዓት ሆቴላችሁ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» ይላል። በእንግሊዝኛ እስከጻፈ ድረስ ሰዓቱንም እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ነው ብዬ፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ማለቱ ነው አልኩ። እኅቴ «የሙሉ ቀን ጉብኝት እንዴት በ8 ሰዓት ይጀመራል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ሙቀቱን ለመሸሽ ይሆናል» ብዬ አፏን አስያዝኳት።

የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ግን ልክ እንደኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው፤ «ሳ ሞጃ» ይሉታል። ሁለት ሰዓት «ሳ ምቢሊ» ነው። አፌን ከፈታሁበት አቆጣጠር ጋር ሰው አገር ተገናኝቼ ሳላውቀው አለፍኩ ማለት ነው።

ጠዋት ስልኬን ክፍል ትቼ ባሕር ስዋኝ ቆይቼ 4 ሰዓት ላይ ስመለስ ሰባት ያልተመለሱ ጥሪዎች አገኘሁ። ሰውየው ሆቴሉ በር ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ሙሉ! የተቆጣ አይመስልም፤ ያለው ነገር ቢኖር «ዳዳ፣ ባሕሩ ግን አልጠበቀንም» ብቻ ነው። ለጊዜው አልገባኝም።

በስዋሂሊ እኅት «ዳዳ»፣ ወንድም «ካካ» ነው። እኅቴ ይህን የተከበረ ጎልማሳ «ካካ» ብላ መጥራት ቀኑን ሙሉ አቃታት። ለምን እንደሆነ አማርኛ ለሚያውቅ አላብራራም።

አስጎብኚ አመራረጤ ላይ ግን አልተሳሳትኩም። ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ «ላስጎብኛችሁ» እያሉ የሚከተሉ ልጆች ሞልተዋል፤ የአገሬው ሰው ራሱ «ፓፓሲ» ማለትም መዥገሮች ይላቸዋል። እኔ የያዝኩት የመንግሥት የአስጎብኚነት መታወቂያ ያለውን ነው። ጀልባው፣ የየቦታው መግቢያና ምሳው ዋጋው ውስጥ ይግቡ አይግቡ አንድ በአንድ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን ይዣለሁ። ያን ሁሉ ስጠይቅ «2 ሰዓት የጠዋቱ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ አምልጣኝ ነው።

ዕቅዳችን በጠዋት ጀልባ፣ ከዚያ ስቶን ታውን፣ ከዚያ የቅመም እርሻ ነበር። የቻንጉ ደሴት ከስቶን ታውን በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። «የእስር ቤት ደሴት» ይሏታል እንጂ፣ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው እስር ቤት እስረኛ ገብቶበት አያውቅም፤ ቢጫ ወባ የተጠረጠሩ ተጓዦች የሚቆዩበት ማግለያ ሆነ። ዛሬ ባለቤቶቹ ግዙፎቹ የአልዳብራ ኤሊዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ1919 (እ.ኤ.አ.) ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸው ቅርፊታቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። አንዱን አንገቱ ሥር ሳክከው ቀስ ብሎ አራት እግሩን አስረዝሞ ብድግ አለ፤ አንገቱንም እስከ መጨረሻው ዘረጋው። ቆዳው እንደ ደረቀ የቆዳ ቦርሳ ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ግን ሙቀት አለው። እኅቴ እዚያው ሰዓት ተኩል ፈጀች። እኔም አላቻኮልኳትም፤ በዚያ ቀን ሰው ስለ ሰዓት የምመክርበት አፍ አልነበረኝም።

ባሕሩ አልጠበቀንም ያለው የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ናኩፔንዳ፣ «እወድሃለሁ» ማለት ነው፣ ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የሚል፣ ሲሞላ የሚሰጥም ነጭ የአሸዋ ቁልል ነው። ባሕሩ በጣም የሸሸው እኔ ስዋኝ በነበርኩበት ሰዓት ነበር። እኛ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ስንደርስ የቀረው ምንጣፍ የምታህል ቁራጭ ናት፤ በላይዋ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ወርደን ቆምን። ውሃው መጀመሪያ ጣቶቼን፣ ትንሽ ቆይቶ ቁርጭምጭሚቴን ነካ። ከጎኔ ያለች ሴት ዣንጥላዋን ተከለች፤ ወዲያው ነቀለችው። ጀልበኛው ምሳውን ጀልባው ላይ ዘረጋልን፤ አሳውን እየበላን ደሴቲቱ ስትሰጥም አየን። እውነቱን ለመናገር ቀደም ብለን ብንመጣ ከምናገኘው ፎቶ ይህ ይበልጥብኛል። ቢሆንም ደሴት ላይ ዕቅድ የምታወጡ ሰዎች፣ መጀመሪያ ባሕሩ የሚሸሽበትንና የሚሞላበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ሌላውን በዚያ ዙሪያ ደልድሉት።

ስንመለስ 9 ሰዓት ሆኗል። አስጎብኚው ቁርጡን ነገረን፤ «ወይ ስቶን ታውን፣ ወይ የቅመም እርሻ። ሁለቱንም ካላችሁ ሁለቱንም አታዩም።» ስቶን ታውንን መረጥን። ቤት አል አጃይብን፣ በ1883 (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት፣ ከውጭ ብቻ አየነው፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከፊሉ ተደርምሷል።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የባሪያ ገበያው ቦታ ነው። ገበያው በ1873 (እ.ኤ.አ.) ሲዘጋ እዚያው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። ባሪያዎች ታስረው ይገረፉበት የነበረው ዛፍ ቆሞበት ነበር በሚባለው ስፍራ ዛሬ መንበሩ አለ፤ ወለሉ ላይ ክብ ምልክት አለው። ውጭ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። ሰንሰለቱ የዚያ ዘመን ነው።

ከጎኑ ካለው ሕንፃ ሥር ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባቸው ክፍሎች አሉ። ከኛ በፊት የገባው ቡድን አስጎብኚ ስንት ሰው እዚህ ይታጎር እንደነበር በቁጥር ይናገራል። የኛው ዝም አለ። «እውነት ነው?» አልኩት። «እኛ እንዲህ ብለን ነው የምንናገረው» አለኝ። «ግን ይህ ሕንፃ ገበያው ከተዘጋ በኋላ የተሠራ ነው ብለው የሚከራከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ገበያው እዚህ እንደነበር ግን የሚጠራጠር የለም።» ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁሉ አመንኩት። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ አስጎብኚን «ይህን እንዴት አወቃችሁ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ማስጎብኘት የሚጀምረው።

እርሻው ቢቀርብንም ቅመሙ ጨርሶ አልቀረብንም። አስጎብኚያችን ዳራጃኒ ገበያ ወስዶን ከአንዱ ጆንያ ቅርንፉድ አነሳና «ከመግዛትሽ በፊት ጥፍርሽን ተከይበት» አለኝ። ራሷን በጥፍሬ ጫን ስል ቅባት ወጣ፤ ጣቴ እስከ ማታ ሸተተ። ከሌላው ጆንያ ያነሳው እንደ እንጨት ደረቅ ነው። «ይኼ ዘይቱ ቀድሞ ተጨምቆለታል» አለና በትከሻው ሻጩን አሳየኝ። ሻጩ ሳቀ።

ጉርሻ ለመስጠት ስል የያዝኩት ትልልቅ ኖት ብቻ ሆኖ አፈርኩ። እኅቴ ጠዋት ሆቴሉ ዘርዝራ የያዘችው ሽልንግ አወጣኝ።

ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ፣ ልጆች ከባሕሩ ግንብ ላይ እየተንደረደሩ ሲዘሉ እያየን ስልኬ ጮኸ። «ነገ ለቅመም እርሻው 1 ሰዓት» ይላል። ከሥሩ የምትወጣ ፀሐይ ስዕል ለጥፎበታል።

«ሳ ሞጃ» ብዬ መለስኩለት። በማግሥቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ጠበቅነው።