ኤሚን ስሰማ ዋልኩ

ዛሬ የእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ የኤሚ ዋይንሃውስ ድምፅ ነው ሲያባባኝ የዋለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ ምሽት 5 የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት የወሰደችው ልጅ፣ በጁላይ 2011 ለንደን ካምደን ቤቷ ውስጥ ስትሞት ገና 27 ዓመቷ ነበር። ብዙ ሰው «ዕፅ ገደላት» ይላል። አይደለም፤ በምርመራው ሕገ ወጥ ዕፅ አልተገኘም። አልኮል ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ደሟ 416 ሚሊ ግራም። በእንግሊዝ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው ጣሪያ 80 ነው።

የሚከነክነኝ ግን ከዚያ በፊት ለሳምንታት መጠጥ አቁማ መቆየቷ ነው። መጠጥ የለመደ ሰውነት ብዙ ይሸከማል፤ መጠጡ ሲቆም ያ አቅም ይጠፋል። የድሮው መጠን በድንገት ሲመለስ አንጎል ትንፋሽን መቆጣጠር ያቅተዋል። ጠባቂዋ እንኳ ጠዋት ሲያያት የተኛች ነበር የመሰለው።

ጠጥቶ የተኛ ሰው ሲቀሰቀስ አልነቃ ካለ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ «ተዉት ይተኛበት» አይባልም። በጎኑ አስተኝቶ፣ አጠገቡ ሆኖ አምቡላንስ መጥራት ነው። ቡናም ቀዝቃዛ ውሃም አይረዳም (የቡና ወዳጆች አትቀየሙኝ)፤ ሆድ ውስጥ የቀረው መጠጥ ገና ወደ ደም እየገባ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣን ሰውም «ዛሬውኑ አቁም» ብሎ ቤት መዝጋት አደጋ አለው፤ በ2 ቀን ውስጥ ራስን የሚያስት መንቀጥቀጥ ሊጥለው ስለሚችል ሐኪም ይዞት ያቁም።