ብርዱን ያነሣው ካሜራ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰሞን በፎቶ ቤቶች የምትዞር ወሬ ነበረች። «ውርጭ ከለር ፊልምን ሰማያዊ ያደርጋል» የምትል። እንዲያውም አንድ ጎረምሳ ፎቶ አንሺ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ትልቅ የሙያ ምሥጢር ነግሮኛል። ለእኔ! ወሬዋ ስትወለድ እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜያለሁ። አዋላጇንም አውቀዋለሁ፤ አለቃዬ ነበር።

ነገሩ የፊልም ዘመን ነው። እኛ ፎቶ ቤት ጥቁርና ነጩን ጓዳ ውስጥ ራሳችን እናጥባለን። ከለሩን ግን 130 ኪሎ ሜትር አሻግረን ፒያሳ ወዳለ አንድ ላብራቶሪ እንልከዋለን። የጠዋቱ አውቶቡስ ረዳት ይወስደዋል፤ ታጥቦና ታትሞ በሌላ አውቶቡስ ይመለሳል። የጥር ሠርግ ሲደራረብ ፖስታው ያብጥና በላስቲክ ታስሮ ይመጣል።

ፖስታው የሚገባበት ከሰዓት ሥራ የለም። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣል። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ትሪዋን አስቀምጣ ትቀራለች። ቪዲዮ ቀራጩ ሁልጊዜ ከፎቶው የእሱ ቪዲዮ እንደሚሻል ሊነግረን ይመጣል። ፎቶዎቹን ባንኮኒው መስታወት ላይ እንዘረጋና ክርክር ይጀመራል። ማን አማረ፣ ማን ዓይኑን ጨፈነ፣ የማን ሚዜ የማንን እጅ ይዟል። ለእኛ ለሠራተኞቹ ግን ጥያቄው አንድ ነው። የተበላሸ ካለ ማን አበላሸው?

ለዚህ መልስ አለው። መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ የታጠበውን ፊልም ማለት ነው፣ ወደ መስኮቱ ታነሣለህ። የከለር ኔጋቲቭ ብርቱካንማ ስለሆነ ላልለመደ ዓይን ያስቸግራል፤ ለለመደ ግን ይናገራል። ከሳሳና ባዶ ባዶ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፣ ጥፋቱ የአንሺው ነው። ኔጋቲቩ ደህና ሆኖ ፎቶው ከከፋ ጥፋቱ የአታሚው ነው። ቀጥሎ ፎቶውን ትገለብጣለህ። ጀርባው ላይ ደቃቅ ግራጫ ጽሑፍ አለ፤ ማሽኑ ራሱ የሚያትመው። ኦፕሬተሩ ቀለሙን ወይም ድምቀቱን ካስተካከለ ቁጥር ይወጣል። ምንም ካልነካ «ኤን ኤን ኤን» ይላል። እንደወረደ ለቆታል ማለት ነው።

የፒያሳው ሰውዬ ኤን ይወድ ነበር።

ማሽኑን ዝም ብለህ ከለቀቅከው የራሱ አስተሳሰብ አለው። አንዱን ፎቶ በሙሉ ይደምርና ውጤቱ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ያደርጋል። ሣር፣ ቤት፣ ሰው፣ ሰማይ የተቀላቀለበት ፎቶ ላይ ይሠራል። የእኛ ሠርግ ግን ነጭ በነጭ ነው። ሙሽሪት በቬሎ፣ እናቶች በነጠላ፣ አባቶች በጋቢ። ማሽኑ «ይሄ በጣም ነጥቷል» ይልና ያጠቁረዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊት ደግሞ አብሮ ይጨልማል። «ጠቆርኩ» ብሎ የሚመጣው ደንበኛ እውነቱን ነው። ደህና ኦፕሬተር ይህን አይቶ አንድ ሁለት ቁልፍ ይጫናል። በዚያ ላይ ኮዳክ ማሽን እንዲስተካከልበት ለላብራቶሪዎች ይልከው የነበረው መለኪያ ፎቶ ለረጅም ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ በሙያው «ሸርሊ» ይሏታል። ሸርሊን ደህና ካደረግክ ሥራህ ደህና ነው ተብሎ ይታሰባል። የመንዝ ባላገር በሸርሊ ሲለካ ምን እንደሚሆን እኛ ባንኮኒ ላይ መጥተህ ማየት ነበረብህ።

እንግዲህ ወደ ሴትየዋ።

የሙሽራ እናት ናቸው። ልጃቸውን ጥር ላይ ድረዋል፤ ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የቤተሰቡን ፎቶ ያነሣሁት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ነው። ሆን ብዬ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ሰው ብታቆም ዓይኑ ይጨልማል፣ ግንባሩ ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ፊቱን ይቋጥራል። ጥላ ውስጥ ፊት ይለሰልሳል። ኔጋቲቩም እንከን አልነበረውም። ታትሞ ሲመጣ ግን ቬሎው ፈዛዛ ሰማያዊ። የእናትየው ነጠላ ሰማያዊ። የሚዜዎቹ ሸሚዝ ሰማያዊ። ገለበጥኩት። ኤን፣ ኤን፣ ኤን።

«የልጄ ቬሎ ነጭ ነው» አሉ፣ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ይዘው።

«አዎ እማማ፣ ነጭ ነው።»

«ይሄስ?»

አስረዳኋቸው። ወጣት ነኝ፣ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ማስረዳት እወዳለሁ። «የቆማችሁት ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ በቀጥታ አታገኛችሁም። የሚያበራላችሁ ሰማዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰማያዊ ነው።»

«እኔም እኮ እዚያው ቆሜያለሁ። ሳያት ነጭ ነበረች።»

«ዓይንዎ ያርመዋል እማማ። ፊልም ግን አያርምም።»

«ዓይኔ ዋሽቶኛል እያልክ ነው?»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። እኔ ግን አልቆምኩም። የፀሐይ ብርሃን ፊልም ኬልቪን በሚባለው የብርሃን ቀለም መለኪያ ለ5,500 የተሠራ መሆኑን፣ የጠራ ሰማይ ጥላ ግን 7,000ን እንደሚያልፍ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ ፊታቸውን አይቼ መልሼ ዘጋሁት። ፎቶውን ገልብጬ ጽሑፉን አሳየኋቸው።

«ምን ይላል?» አሉ።

«አታሚው ምንም አልነካሁም ይላል።»

«ካልነካ ታዲያ ምን አጠፋ?»

ይቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አኝካታለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። መንካት ነበረበት፤ የሚከፈለው ለመንካት ነው። ግን እሳቸው በዚያ የዳኛ ድምፅ ሲጠይቁኝ ትክክል የሆነው መልስ ምላሴ ላይ ሞኝ ሞኝ አለብኝ። ሁሉም አፌን ያያል። ሻይ አመላላሿ ሳትቀር።

ያን ጊዜ አለቃዬ፣ ጋሼ፣ ከጓዳ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«እትዬ፣ የሠርጉ ለት ብርድ አልነበረም?»

«ኧረ እሱስ! ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው። ልጄማ በዚያ ስስ ቬሎ ስትንዘፈዘፍ ነው የዋለችው።»

«በቃ፣ ውርጩ ነዋ። ከለር ፊልም ላይ ውርጭ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።»

ፎቶውን ራቅ አድርገው አዩት። አቀረቡት። ፊታቸው ፈታ አለ። «እውነትም! ከንፈሯን እዩልኝ፣ በርዷት እኮ ነው» አሉ። ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። «ብርዱን ሳይቀር አነሣው!»

ለዘመድ የሚሆን ተጨማሪ ኮፒ አዘዙ። ቀብድ ከፈሉ። ሲወጡ ጋሼን መረቁት። እኔን አላዩኝም።

«ጋሼ፣ ፊልም እኮ ብርድ አይሰማውም» አልኩት፣ በሩ እንደተዘጋ።

«እሳቸው ይሰማቸዋል» አለና ወደ ጓዳው ተመለሰ።

ለጋሼም ፍትሕ ይሰጠው። ብርድ እውነት ጥፋተኛ የነበረበት ጊዜ አለ። ጥቁርና ነጭ የሚታጠበው ኬሚካሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ውሃውን ከሰል ላይ ለብ ሳታደርግ ከሠራህ ኔጋቲቩ ሳስቶ፣ ፎቶው ደብዝዞ ይወጣል። ጋሼ በዚህ ተቃጥሎ ነው ሙያ የተማረው። ደብዝዞ እንጂ ሰማያዊ ሆኖ ግን አይወጣም። የከለሩ አጠባ ደግሞ፣ ኮዳክ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲ-41 የሚባለው፣ 38 ዲግሪ ገደማ ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። ሙቀቱን የሚጠብቀው ፒያሳ ያለው ማሽን ነው። የእኛ ውርጭ እዚያ ምን አገባው?

እንዲያውም ብርድ ለፊልም ወዳጅ ነው። አዋቂ ሰው ያልተነሣ ፊልሙን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። ፊልም የሚፈራው ሙቀት ነው። ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስተኸው ዋል፤ ቀለሙ ምን እንደሚሆን ያኔ ታያለህ። ይህን ሁሉ ለጋሼ ነግሬዋለሁ። «ልክ ነህ» ይለኛል። ቀጥሎ ለሚመጣው ደንበኛ «ውርጭ ነው» ይላል።

እልህ ያዘኝ። የዚያችን ሠርግ ኔጋቲቭ መርጬ፣ «ሰማያዊው ይቀነስ፣ ቢጫ ይጨመር፣ ፊት ይፍካ» የሚል ወረቀት አያይዤ ወደ ፒያሳ መልሼ ላክሁ። ሲመጣ ጀርባው ላይ ቁጥር አለ። ሰውዬው እጅ እንዳለው ያን ቀን ተረዳሁ። ቬሎው ወተት የመሰለ ነጭ። የሙሽሪት ፊት ሞቅ ያለ የጠይም መልክ። የአባትየው ጋቢ ጥለቱ ሳይቀር ይለያል። ሁለቱን ጎን ለጎን መስታወቱ ላይ ዘረጋሁ። ልብስ ሰፊው ከእኔ ጋር ሆነ። ቪዲዮ ቀራጩ እንኳ ከእኔ ጋር ሆነ።

ሴትየዋ ኮፒያቸውን ሊወስዱ መጡ። አዲሱን አንሥተው አዩት። ብዙ አዩት። ልቤ ይመታል።

«ይሄ ሸዋ ሮቢት የተነሣ ነው የሚመስለው» አሉና አስቀመጡት። ሰማያዊዎቹን ቆጥረው ወደ ቦርሳቸው ከተቱ። «የኛ ሠርግ እኮ ይሄ ነው።»

ጋሼ ምንም አላለም። ወር ሲደርስ ግን የድጋሚ ኅትመቱ ሒሳብ ከደመወዜ ላይ ተቆርጦ አገኘሁት። ማብራሪያው ደብተሩ ላይ በእጅ ጽሑፉ ሰፍሯል፦ «ያልታዘዘ ፎቶ።»

ወሬዋ ከዚያ ወጣች። ሴትየዋ ለዘመድ፣ ዘመድ ለጎረቤት። ከዚያ ሌላ ፎቶ ቤቶችም ደረሰች፤ ምክንያቱም ትጠቅማለች። ለላብራቶሪ ጥፋት፣ ለአንሺ ጥፋት፣ ጊዜው ላለፈበት ፊልም ሁሉ ትሆናለች። ማን ውርጭን ይከሳል?

ይህን ሁሉ እንኳ እረሳው ነበር። የማልረሳው ሌላ ነው። ጋሼ ራሱ ጥላ ውስጥ የሚያነሣቸው ፎቶዎች የኔን ያህል አይሰማዩም። ኤን ኤን ኤን ተብለው እንኳ ሞቅ ይላሉ። ዕድል ነው ስል ኖርኩ። ኋላ አንድ ቀን ለዘመዱ ሠርግ የእሱን ካሜራ አውሶኝ፣ ሌንሱን ሳጸዳ ፊቱ ላይ የተጠመደች ቀለበት አየሁ። ፈታሁና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት። መስታወቷ በጣም ስስ የሆነ ሮዝ መልክ አለው። ጠርዟ ላይ «ስካይላይት 1ኤ» ይላል። የጥላንና የሩቅ ተራራን ሰማያዊነት ለመቀነስ የሚሠራ ፊልተር ነው። ብዙ አይደለም የሚቀንሰው፣ ትንሽ ነው። ግን ስሙ ራሱ ሰማይ አለበት። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስለ ሰማይ ስደሰኩር እሱ ሰማዩን ሌንሱ ላይ ገጥሞት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለአቧራ ነው» አለ።

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሌንሱ እንዳይጫር ብቻ ብለው የሚያስሩት ብዙ ናቸው። ከካሜራው ጋር አብሮ መጥቶለትም ይሆናል። ወይም ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ለሴትየዋ ውርጭ፣ ለእኔ አቧራ አድርጎ አደለን። ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። አቧራው አልተቀየረም።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ለደንበኛ እውነቱን ንገሩ እላቸዋለሁ፤ ባለፈው ጥምቀት ማግስት አንዲት እናት ፎቶ ይዘው ሲመጡ ግን ልጆቹ እኔን ጠሩኝ፣ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት «ብርድ ነበር እንዴ?» ብዬ ነው። ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ጋሼን በዓል ሲሆን እጠይቀዋለሁ። ዓይኑ ደክሟል፣ ምላሱ ግን አልደከመም። ባለፈው ዲጂታል ካሜራዬን ይዤ ሄጄ የብርሃን መምረጫውን ከፈትኩለት። ነገሩን በሥዕል ነው ያስቀመጡት። «ይሄ ፀሐይ ነው። ይሄ ደመና ነው። ይሄ አምፖል። ይሄ ቤት ደግሞ ጥላ ነው ጋሼ፤ ጥላ ውስጥ ስታነሣ እሱን ትመርጣለህ፣ ሰማያዊውን ይቀንስልሃል» አልኩት። «ጥላ» የምትለውን ረገጥ አድርጌ።

መነጽሩን አደረገ። ካሜራውን ተቀብሎ ሥዕሎቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አያቸው፣ ከታች ወደ ላይም ተመለሰ።

«የብርዱስ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።