ዳይኖሰሩ ሲዘል አይቼ ገዛኋት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ትልቁ ችግሬ ውሃና ታክሲ ይመስላችኋል? አይደለም፣ ዶታ የሚባለው የኦንላይን ጌም ነው። ድሮ ሳሪስ እያለን ጌም ቤቱ ደጃችን ላይ ነበር። አሁን ለአንድ ሰዓት ጌም ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ መዋል ሆነ። ስለዚህ ላፕቶፕ ልገዛ ቆረጥኩ፤ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ የምትቀመጥ። ባትሪ ስላላት መብራት ቢሄድም እጫወታለሁ ብዬ ነው። (መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮት እንደሚሄድ ትዝ ያለኝ ብሩን ከከፈልኩ በኋላ ነው።)

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። "ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን ሳትጠይቅ ብር እንዳታወጣ። ከፈለግክ አብሬህ ልሂድ" አለኝ።

"አንተ የቤት ሥራህን ሥራ" አልኩት። ዶታ 2 በፈረንጆቹ 2013 በይፋ ሲወጣ እሱ ገና ዳይፐር ላይ ነበር። እሱ ሊያስተምረኝ!

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ወንበር ሳበልኝ። ለኦንላይን ጌም ነው ስለው ምንም ሳያመነታ ከመደርደሪያው አንዲት 11.6 ኢንች አወረደ። በአንድ እጄ አነሳኋት። ደብተር በሏት! "ፋን እንኳን የላትም፣ ድምፅዋ አይሰማም" አለ፣ ትልቅ ምርቃት አድርጎ።

"ጌም ትችላለች?"

"እንዴ! ቆይማ ላሳይህ" ብሎ ብሮውዘሩን ከፈተ። ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ያ ግራጫ ትንሽ ዳይኖሰር ብቅ አለ። ስፔሱን ሲጫነው ዘለለ፤ አንድ ቁልቋል አለፈ፣ ሁለተኛውንም። "አየህ? ምንም አትንቀራፈፍም!"

እውነትም አልተንቀራፈፈችም። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚመጣ ጌም ለኦንላይን ጌም ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብልኝ እኔ ጭንቅላቴን በአድናቆት እነቀንቃለሁ። 500 ብር አስቀንሼ 22 ሺህ ቆጠርኩ። ተከራክሬ በመቀነሴም ቤት እስክደርስ ኮርቻለሁ።

ቤት ገብቼ ሂሳቡን ስሠራው ነው ጉዱ የመጣው። ዶታ 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የኔዋ ካርቶን ላይ 64 ተጽፏል። ፋብሪካው በሺህ እየቆጠረ፣ ዊንዶውስ በ1,024 እየቆጠረ፣ 64ቱ ስትከፈት 59 ከምናምን ሆኖ ይታያል። ዊንዶውሱን አውጥቼ ሜዳ ላይ ብጥለው እንኳን ዶታ አይገባም ማለት ነው። እማዬ ከሳሪስ ያመጣችው ቡፌ ትዝ አለኝ። አራት ወዛደር አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ አውጥቶት በሩ ጋ ሲደርስ አልገባ አለ። እስካሁን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የጎረቤት ጫማ ይደረደርበታል።

እሺ፣ ዲስኩ በውጭ ሃርድ ዲስክ ተፈታ፤ ጓደኛዬ ከራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ ሰጠኝ። ቀረ ራሙ፣ ኮምፒውተሯ እየሠራች ያለችውን ነገር የምትይዝበት ጊዜያዊ ቦታ። 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ላስጨምር ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ክዳን ላይ ደረደራቸው፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ውስጧን አየ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ብሎኖቹን መልሶ አሰራቸው። "ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይጨመርም።" የመክፈቻ 200 ብር ከፈልኩ። ለመዝጊያው አላስከፈለኝም፣ ይመስገን።

ማታ አራት ጓደኞቼ ተሰበሰቡ። ዱባይ ሰርቨር ገባን። የሁሉም ጌም ተጫነ፣ የኔ ብቻ ይሽከረከራል። "አለህ?" ይላሉ። አለሁ! ግራፊክሱን የመጨረሻ ዝቅተኛው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ዛፎቹ የተቀቀለ ጎመን መስለዋል። ከገባሁ በኋላ ደግሞ ጌሙ ጌም መሆኑ ቀርቶ የሠርግ አልበም ሆነ። በአንዱ ፎቶ ጀግናዬ ድልድዩ ጋ ቆሟል፣ በሚቀጥለው ሞቷል። በመሐል ምን እንደተፈጠረ የሚያውቁት ጠላቶቼ ናቸው።

"ኔትወርክህ ነው!" ይላሉ። ኔትወርኩን ለአንድ ቀን እንኳን ያለ ጥፋቱ ሲሰድቡት አሳዘነኝ። ፒንጌ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ 140 ሚሊሰከንድ ብቻ ነበር፤ በሰከንድ የሚታየኝ ምስል ግን 8።

ይህን እየተከራከርን መብራት ሄደ። ላፕቶፗ በራች፣ ዋይፋዩ ጠፋ። ስልኬን ስፈልግ፣ ሆትስፖት ስከፍት፣ ፓኬጅ ማለቁን ሳውቅ፣ ስሞላ፣ አምስት ደቂቃ አለፈ። ዶታ ደግሞ አምስት ደቂቃ ከጠፋህ ጥሎ ሄደ ብሎ ይመዘግብሃል። ሎው ፕራዮሪቲ ገባሁ፤ እንደኔ ከተቀጡት ጋር ብቻ ተጫውተህ ካላሸነፍክ የማትወጣበት። እዚያ እስር ቤት በሰከንድ 8 ምስል ይዞ ማሸነፍ!

በማግስቱ የእህቴ ልጅ መጣ። ሲስተሙን ከፍቶ አነበበና ከንፈሩን መጠጠ። "ፕሮሰሰሯ ሴሌሮን ኤን4020። ጋሼ፣ ዶታ 2.8 ጊጋኸርዝ ነው የሚፈልገው፣ የሷ መነሻ 1.1 ነው። 2.8 የምትደርሰው ስትሮጥ ነው፤ ያውም ፋን የላት፣ ሞቃ ወዲያው ትቀመጣለች። ግራፊክስ ካርድም የላትም።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ስትገዛ ግን ምን አሳዩህ?"

ዳይኖሰሩን ልነግረው አልደፈርኩም።

አሁን ሥራ አግኝታለች። መብራት በሄደ ቁጥር እማዬ "አንተ፣ ያቺን ኮምፒውተርህን አምጣልኝ" ትላለች። ነጭ ገጽ ከፍቼ፣ ብርሃኗን እስከ መጨረሻው ጨምሬ፣ ማዕድ ቤት መደርደሪያው ላይ አቆማታለሁ፤ እማዬ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ታበራለች። ትናንት ሽንኩርቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ዓይኗን ጠበብ አደረገችና፣

"ምነው ልጄ፣ ተለቅ ያለውን ብትገዛ ኖሮ?" አለችኝ።