ስልኬ ያላወቀው ስታዲየም

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ጋሼ፣ አሜሪካ ታክሲ መንዳት ምን ይከብዳል? መንገዱን ስልኩ ይመራዎት የለም?» አለኝ።

ስማኝ ልጄ። ባለፈው ዓመት ዋሽንግተን ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎዬን አጣጥሜ ስወጣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ተሳፈሩና «ግሪፍዝ ስታዲየም» አሉኝ። ስልኬ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ከተማዋን ዐሥራ አራት ዓመት ነድቼባታለሁና ደረቴን ነፍቼ «አባት፣ እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» አልኳቸው። ጥቂት አስነድተውኝ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊት አስቆሙኝ። ስታዲየሙ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ፈርሶ ሆስፒታሉ የተሠራው እዚያው ላይ ነው። በቀን ስንት ጊዜ የማልፍበት!

ይህስ ባልከፋ። «ዋልተር ጆንሰንን ታውቀዋለህ?» ሲሉኝ «ዶክተር ነው?» አልኩ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰውየው በዚያ ስታዲየም ይጫወት የነበረ፣ በ1946 የሞተ የቤዝቦል (ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ኳስ ወርዋሪ ኖሯል።

ቆጣሪው እየቆጠረ ታሪኩን አወጉኝ። የካንሳስ ገበሬ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የነዳጅ መስክ ሄደ፤ እርሱም አይዳሆ ውስጥ ሲጫወት የዋሽንግተን ቡድን አስፈረመው። ዘመኑ 1907፣ ዕድሜው 19። ሲፈርም የመመለሻ ባቡር ዋጋ ይሰጠኝ ብሏል ይባላል። በመጀመሪያው ጨዋታ ዲትሮይቶች ኳሱን አጥብቀው መምታት ቢያቅታቸው በዱላ ነካ እያደረጉ ሮጡበትና 3 ለ 2 ተሸነፈ። በዚያው በዋሽንግተን ቡድን ግን 21 የውድድር ዘመን ቆይቶ 417 ጊዜ አሸነፈ። በ1908 ኒውዮርክን በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ያለ ምንም ነጥብ ሸኛት፤ ከአራቱ ቀን አንዱ እሑድ ስለነበረ ጨዋታ ክልክል ነበር። ሰንበት አክባሪ ነኝ ባዩ እኔ እሑድ ነድቼ ነው የቤት ኪራይ የምሞላው።

ኳሱ እጅግ ከመፍጠኑ የተነሣ ሰው እንዳይገድልበት ይሰጋ ነበር። ታይ ኮብ የተባለው መቺ ይህን ስላወቀ ሆን ብሎ ወደ ኳሱ መንገድ ተጠግቶ ይቆምበት ነበር። ደግነትህን ያወቀ ሰው የትም አገር እንዲህ ነው፤ ይህን ያዝልኝ።

እኔም ኀፍረቴን ልሸፍን ብዬ «እኛም ገና የሚባል ጨዋታ አለን፤ ጌታው ቢመታ እንኳ አይቆጣም» አልኳቸው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እስኪመሽ።»

ያን ጊዜ ብቻ አከበሩኝ።

ስለዚህ ከመጣህ፣ እንደ ጆንሰን የመመለሻህን ዋጋ ይዘህ ና። እኔ አልያዝሁም። ሆስፒታሉ ውስጥ መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ምልክት አለ ብለውኛል። ገብቼ አላየሁትም፤ ታክሲዬን የማቆምበት አጣሁ።