መልቲሜትሩ እስከ 2,000 ሜትር ይላል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ነው

የመስክ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ውጩ ነው፦ ጎማ ለብሷል ወይ፣ ቢወድቅ ይችላል ወይ፣ ውሃ ያስገባል ወይ። ለሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መመሪያውን ገልጣችሁ አንዲት መስመር ፈልጉ፤ ዕቃው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንዲሠራበት እንደተፈቀደ የምትናገረውን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። መሐል ሜዳና ጣርማ በር 3,000ን ያልፋሉ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው መልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና የመሳሰለውን የሚለካው) እና ክላምፕ ሜትር (ገመዱን ከውጭ ጨብጦ አምፔር የሚለካው) ደግሞ የተፈቀደው እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ነው።

ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው። በሜትሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለባቸውን ክፍሎች አንዱን ከሌላው የሚለየው የአየር ክፍተት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ደግሞ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። የመለኪያ መሣሪያዎች ደኅንነት መስፈርት የሆነው አይኢሲ 61010 ይህን በቁጥር አስቀምጦታል፦ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14፣ ከ3,000 እስከ 4,000 ሜትር በ1.29 ተባዝቶ መስፋት አለበት። ለ2,000 ሜትር የተሠራ ሜትር ደብረ ብርሃን ላይ ቮልቱን በትክክል ያነብባል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ዓይን አይገባም። የሚቀንሰው መብረቅ መስመር ሲመታ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ የሚመጣውን ድንገተኛ ቮልቴጅ ችሎ እጃችሁን የሚያድንበት አቅም ነው።

መመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ከፍታ ይጻፋል፤ አንዱ የመጠቀሚያ፣ ሌላው የማስቀመጫ። ማስቀመጫው 10,000 ሜትር ሊል ይችላል፤ ያ ዕቃው ተዘግቶ ሲጓጓዝ ነው። ሻጭ ይህን ቁጥር ቢያሳያችሁ አትቀበሉ። የመጠቀሚያ ከፍታው 3,000 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካልተገኘ የደኅንነት ደረጃውን፣ ሜትሩ ላይ CAT (ካት) ተብሎ ከቮልቱ ጋር የሚጻፈውን፣ አንድ ከፍ አድርጉ፦ ለ380 ቮልት ቦርድ ካት 3 600 ቮልት ይበቃ በነበረበት፣ ካት 3 1,000 ወይም ካት 4 600 ያዙ። ከቆጣሪ በፊት ባለው መስመር ላይ ከካት 4 በታች የሆነ አይያዝም።

ቀጥሎ ፊውዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የጀርባውን ክዳን አስከፍቱ። ውስጡ የሚታይ የመስታወት ፊውዝ 250 ቮልት ከተጻፈበት፣ ፊት ለፊቱ ላይ የተጻፈው 1,000 ቮልት እምነት አይጣልበትም። የሚፈለገው በአሸዋ የተሞላ፣ 1,000 ቮልት የተጻፈበት ሴራሚክ ነው። አደጋው የሚመጣው እንዲህ ነው፦ አምፔር ተለክቶ ቀዩ ገመድ በ10 አምፔር ቀዳዳ እንደተሰካ ይረሳል፣ ከዚያ 380 ላይ ይነካል። ያኔ ሜትሩ በራሱ ሾርት ነው። መስታወቱ ይፈነዳል፣ ብልጭታውም አይቋረጥም፤ በሴራሚኩ ውስጥ ግን አሸዋው ያጠፋዋል። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ መተካት በፍጹም አይደረግም፤ ከሜትሩ ጋር ሁለት መለዋወጫ አብራችሁ ግዙ። ገመዶቹ ሲሊኮን ይሁኑ፤ ተራው ፕላስቲክ በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይደርቅና ከሶኬቱ ሥር ይሰነጠቃል።

የርቀት መለኪያም ከፍታ ያውቃል። ቶታል ስቴሽን (በብርሃን ርቀትን፣ እንዲሁም ማዕዘንን የሚለካው የቀያሽ መሣሪያ) ከፋብሪካ ሲወጣ የአየር ግፊቱ 1,013 ሄክቶፓስካል ተደርጎ ይሞላል፤ ይህ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እውነተኛው ግፊት 720 አካባቢ ነው። ሳይስተካከል ከተሠራ በ1 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሴንቲሜትር አሳጥሮ ያነብባል። ስትገዙ ግፊትና ሙቀት በቀላሉ የሚሞላበትን ምረጡ። የሚሞላው ግፊት በቦታው ላይ የተለካው ነው፤ የአየር ትንበያ ላይ የሚነገረው ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ስለሆነ እሱን መሙላት ምንም አያርምም። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከ1,400 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፤ ጠዋት የሞላችሁት ቁጥር ከሰዓት አይሠራም።

ተዘርግቶ ርዝመት የሚለካው የብረት ሜትር ላይ ደግሞ ሙቀት ነው የሚያጭበረብረው። ልኩ ትክክል የሚሆነው 20 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጫፉ አካባቢ ደረጃውን የሚናገር የሮማ ቁጥር ታገኛላችሁ። ባለ 50 ሜትሩ፣ ደረጃ 2 ከሆነ እስከ 10.3 ሚሊሜትር፣ ደረጃ 1 ከሆነ እስከ 5.1 ሚሊሜትር ስሕተት ይፈቀድለታል። ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ይኸው ሜትር በብርዱ ብቻ 8.6 ሚሊሜትር ያጥራል። የሙቀት እርማት የማይሠራ ሰው ለደረጃ 1 የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ጠዋት ላይ ይጠፋል። በዚያ ገንዘብ ቴርሞሜትርና የመሳቢያ ሚዛን ቢገዛ ይሻለዋል፤ የሚሳብበት ኃይል ሜትሩ ላይ ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ 50 ኒውተን ነው። በአምስት ሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ መወላወሏ ግን ጉድለት አይደለም። የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው፣ ሲሳብም ሲገፋም ዜሮው ትክክል እንዲሆን። መዶሻ አታስነኳት።

ስለ ባትሪ አጭር ነው፦ በብርድ አልካላይን ቶሎ ይደክማል፤ ሊቲየሙ ይሻላል። የሚሞላውን የሊቲየም ባትሪ ግን ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ አታድርጉ።

የመጨረሻው ጤዛ ነው። ከጣርማ በር ጉም ወርዶ ቆላ የደረሰ ሌቭል (የቦታዎችን የከፍታ ልዩነት የሚለካው ባለ ሌንስ መሣሪያ) ሳጥኑ ወዲያው ከተከፈተ እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። ሳጥኑን ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ለእያንዳንዱ የሙቀት ልዩነት ዲግሪ 2 ደቂቃ ጠብቁ። የ15 ዲግሪ ልዩነት ካለ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ 60 ሜትር በተራራቁ ሁለት ካስማዎች ልክ መሐል ሌቭሉን አቁማችሁ፣ በሁለቱም ላይ የቆመውን ባለ ቁጥር ዘንግ አንብቡ፤ ከአንዱ 3 ሜትር ያህል ተጠግታችሁም ድገሙ። ከመሐልና ከጎን ያገኛችሁት የካስማዎቹ የከፍታ ልዩነት እርስ በርሱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ መንገዱ አናውጦታል፤ ሳይታረም ሥራ አይጀመርበት።