ከባሕር ዳር ሽምብጥ ሆኜ ብራዚልን የሰማሁበት ምሽት

እኔ ሬዲዮ አዳምጣለሁ እንጂ አላሰራጭም። ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ፈቃድ የለኝም። የሰማሁትን ጽፌ ለጣቢያው ባለቤት እልክና መልስ እጠብቃለሁ። እንዲህም ሆኖ ከሩቅ ሰው ጋር መገናኘት ይቻላል።

የማስሰው ሲቢ የሚባለውን 27 ሜጋኸርዝ ነው። በሌላው ዓለም የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያወሩበት ሞገድ ነው፤ አዘቦት ቀን ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይዘልም። ፀሐይ ስትበረታ ግን ከላይ ያለው፣ አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሰዋል፣ አህጉር ያሻግረዋል። ፀሐይ እንዲህ የምትበረታው በ11 ዓመት ገደማ አንዴ ነው። እኔ የጀመርኩት በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልክ በጣሪያው ሰሞን።

መጀመሪያ ላይ ግን ከጩኸት በቀር ምንም አልሰማም ነበር። ሬዲዮው ተበላሽቷል ብዬ ሁለቴ ጠጋኝ ቤት ወስጄዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በባትሪ ነው የሚሰራው። ጩኸቱ ባንዴ ጭጭ አለ፤ ከስር የሰው ድምፅ ወጣ። ለካ እንቅፋቱ የራሴ ቤት ነበር፦ የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን። ከዚያ ወዲህ ዕቃዬን ይዤ ጣና ዳር መውረድ ጀመርኩ።

አንቴናውን ከተረፈ የዲሽ ኬብል ሰራሁት። ለዚህ ሞገድ እያንዳንዱ ክንድ 2.6 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስሬ የዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ወረወርኩና ሽቦውን ሽቅብ ሰቀልኩት።

ቀጥሎ ጣትን ማስለመድ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያወሩት ኤስኤስቢ በሚባል የድምፅ መላኪያ ዘዴ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ዳክዬ ነው። ቁልፉን በጥፍር ጫፍ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ጸጉር ታህል ማዞር ነው። ዳክዬዋ ትወፍራለች፣ ትቀጥናለች፣ ድንገት የሰው ጉሮሮ ትሆናለች። ያቺን ቅጽበት እስካሁን አልጠገብኳትም።

ብዙ ጊዜ ያባከንኩት ግን ሌላ ቦታ ነው። ሁሉም በ27.555 ሜጋኸርዝ ይጣራል፤ እኔም እዚያው ተተክዬ እውል ነበር። ሰዎቹ እዚያ ይጠራሩና ለወሬ ወደ ሌላ ቁጥር ይዛወራሉ። ብርቅ ጣቢያ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር እየተናገረ የሚጠሩትን ከዚያ ከፍ ብሎ ያዳምጣል። እኔ ግርግሩ መሀል ገብቼ ፈላጊዎቹን ብቻ እሰማለሁ፤ ተፈላጊው ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ያወራል። አሁን ግርግር ስሰማ ቁልፉን ወደ ታች ነው የማዞረው።

ብራዚልን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። በ«3» የሚጀምር የጣቢያ መለያ ሰማሁ። መነሻው ቁጥር አገሩን ይናገራል፦ 1 ጣሊያን፣ 14 ፈረንሳይ፣ 30 ስፔን ነው፤ 3 ብራዚል ነው። ልቤ ደረቴን መታው። መረባቸውን የሚያጥፉ አንድ አባት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምን ቋንቋ ነው?»

«ፖርቱጋልኛ ነው፣ አባባ።»

«ፖርቱጋሎችማ ድሮ እዚሁ ጣና ዳር ጎርጎራ ነበሩ» አሉኝ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አጠገቤ ተቀመጡ።

ደብተሬ ላይ 12፡04 ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱን በላክሁ ጊዜ ግን ተሳሳትኩ። ዓለም አቀፉ ሰዓት ዩቲሲ ነው፤ እኔ የፈረንጅ ሰዓት ብዬ 18፡04 ጻፍኩ። «በዚያ ሰዓት አየር ላይ አልነበርኩም» የሚል ትሁት መልስ መጣ። አፈርኩ። በኛ ማታ 12 ሲሆን ዩቲሲ 15 ነው። አርሜ፣ የሰማሁትንም ቃል በቃል ጨምሬ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱን የእጅ ሰዓቴን በዩቲሲ ሞልቼ ከሬዲዮው ጋር አስሬዋለሁ።

መስማቴን የሚያረጋግጠው ካርድ ከወራት በኋላ በፖስታ ደረሰኝ። 15፡04 ዩቲሲ ይላል። ከስሩ በእስክሪብቶ፣ እሱ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደነበር ጽፎልኛል፦ እኩለ ቀን 12፡04። ከደብተሬ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ቁጥሩ አንድ ነው።