ለደጋ አደንና ለኢላማ ስንት ሴንቲ በርሜል ይበቃል?

ሱሉልታ አካባቢ ከትልልቆቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ የመሳሪያ ወሬ ከተነሳ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም፣ በርሜሉ የረዘመ ጠመንጃ ሩቅ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎም ይመታል። እኔ አክብሬ ነው የምሰማቸው፣ ምክንያቱም ነገሩ በዘመኑ እውነት ነበር። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ከያዝናቸው መሳሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነው፣ በርሜሉ 82 ሴንቲ ነው፣ የሚተፋውም 11 ሚሊሜትር የሚሆን ወፍራም እርሳስ በጥቁር ባሩድ እየተገፋ። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ እርሳሱን ለማፍጠን ረጅም መንገድ ይፈልጋል፣ በዛ ላይ ሳንጃ ሲሰካበት ፈረሰኛ ጋ መድረስ ነበረበት። ከዛ ጭስ የሌለው ባሩድ መጣ፣ ለበን የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1886 በሱ ተሰርቶም 80 ሴንቲውን አለቀቀም፣ ልማድ ቶሎ አይለቅም መሰለኝ። የጀርመኑ ሞዘር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት 74 ሴንቲ የነበረው በሁለተኛው 60 ሴንቲ ወርዶ ነው የገባው፣ ጥይቱ ያው 8 ሚሊሜትሩ ሆኖ።

እና ዛሬ መሳሪያ ለመግዛት ያሰበ ሰው "ረጅሙን ልውሰድ ወይስ አጭሩን" ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው ርዝመት የሚጨምረው ፍጥነት እንጂ ትክክለኝነት አይደለም የሚለውን ነው፣ ሁለቱ ተለይተው ካልታዩ ወሬው መቼም አያልቅም።

ፍጥነቱን እንየው። 308 በሚባለው የጠመንጃ ጥይት 168 ግሬን (11 ግራም ገደማ) እርሳስ ከ61 ሴንቲ በርሜል ሲወጣ በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ በርሜሉን በአንድ ኢንች (2.5 ሴንቲ) ባሳጠራችሁ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሜትር ይቀንሳል፣ ስለዚህ 51 ሴንቲ ላይ ስትደርሱ ያጣችሁት 30 ሜትር አካባቢ ነው። ማግነም የሚባሉት ባሩዳቸው ብዙ የሆነ ጥይቶች ግን ይለያሉ፣ እነሱ በርሜል ሲያጥርባቸው የሚያጡት ከዚህ ይበዛል፣ ያልተቃጠለውም ባሩድ ደጅ ወጥቶ እሳትና ጩኸት ይሆናል፣ ማግነም የሚገዛ ሰው ከ61 ሴንቲ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። 22 የምትባለው ትንሿ ጥይት ደግሞ ተቃራኒ ነች፣ ባሩዷ ትንሽ ስለሆነ 40 ሴንቲ አካባቢ ላይ ስራዋን ጨርሳለች፣ ከዛ በላይ ያለው በርሜል ለፍጥነት ምንም አይጨምርላትም።

አሁን እኔን በጣም የሚገርመኝ ነገር የምንኖርበት ከፍታ ነው። ሱሉልታ ከባህር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነች፣ በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ሯጮች ከዓለም ዙሪያ መጥተው የሚለማመዱበት ይሄው ስስ አየር ለእርሳስ መንገድ ይለቅለታል፣ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል። ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለው ፍጥነት በከፍታው አይለወጥም፣ ልዩነቱ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ሂሳቡን ስሰራው እዚህ ከ51 ሴንቲ በርሜል የተተኮሰ 308 እርሳስ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከ61 ሴንቲ በርሜል ከተተኮሰው ያው እርሳስ በትንሹም ቢሆን ፈጥኖ ነው የሚገኘው!! ስለዚህ በውጭ ሀገር ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተጻፈ ምክር አንብባችሁ "61 ካልሆነ አይሆንም" ብላችሁ አትጨነቁ፣ አጭሩ በርሜል የወሰደባችሁን ደጋው ይመልስላችኋል። ብቻ ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ሲወጣ ትንሽ ወደ ላይ ሊመታ ስለሚችል ከአደን በፊት በወረቀት ኢላማ ፈትሹት።

ትክክለኝነቱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ቃታው ሲሳብ በርሜል ይንቀጠቀጣል፣ ረጅምና ቀጭን አጣና ጫፉን ይዛችሁ ስትነቀንቁት እንደሚወዛወዘው ማለት ነው፣ ያው ውፍረት ያለውን በርሜል ከ66 ወደ 56 ሴንቲ ብታሳጥሩት ለመታጠፍ ያለው ዝንባሌ በ40 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ውፍረቱን በ10 በመቶ ብቻ ብትጨምሩ ደግሞ ጥንካሬው 46 በመቶ ይጨምራል። ወፍራም አጭር በርሜል ቀጭን ረጅሙን በወረቀት ላይ ሲበልጠው የሚገርመው ሰው ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከርዝመቱ ይልቅ እኔ የማየው የአፈሙዙን ጠርዝ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጭረት ወይም ዝገት ካለ እርሳሱ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ጎን ቀድሞ ያመልጥና ይገፋዋል፣ በተለይ እዚህ ሀገር ብዙ ዘመን የቆዩ መሳሪያዎች ከአፈሙዛቸው በኩል በብረት ዘንግ ሲወለወሉ ስለኖሩ ጠርዛቸው አልቆ ታገኙታላችሁ።

እና ረጅሙ ለትክክለኝነት ምንም አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል፣ ግን በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው። የኋላውና የፊቱ ማነጣጠሪያ በ50 ሴንቲ ተራርቀው አይናችሁ ግማሽ ሚሊሜትር ብትሳሳት 100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ትስታላችሁ፣ በ70 ሴንቲ ሲራራቁ ያቺው ስህተት ወደ 7 ሴንቲ ትወርዳለች። የትልልቆቹ ምስክርነት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፣ እነሱ ስኮፕ (ጠመንጃው ላይ የሚታሰረውን አጉሊ መነጽር) አላዩም፣ በረጅሙ ምንሽር በአይናቸው ነው ሲመቱ የኖሩት። ስኮፕ ካሰራችሁ ግን ይሄ ጥቅም ከነጭራሹ ይጠፋል።

የኦሎምፒክ ተኳሾችን አይታችሁ ከሆነ ደግሞ ይሄን በግልጽ ታዩታላችሁ። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ የ10 ነጥቧ ክብ ግማሽ ሚሊሜትር ነች፣ በ50 ሜትር ደግሞ 10.4 ሚሊሜትር፣ ስኮፕ አይፈቀድም። ጠመንጃዎቹ ከሩቅ ረጅም ይመስላሉ እንጂ ብዙዎቹ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው እውነተኛው በርሜል አጭር ነው፣ ከፊቱ ባዶ ቱቦ ተቀጥሎ የፊት ማነጣጠሪያው ጫፉ ላይ ይቀመጣል። እርሳሱ ከበርሜሉ ቶሎ ስለሚወጣ የተኳሹ እጅ ብትነቃነቅ እንኳን ጊዜ አታገኝም፣ ማነጣጠሪያው ግን ርቀቱን አግኝቷል።

ለአደን ሌላ ነው፣ ጠመንጃውን ይዞ ዳገት የሚወጣው ሰውዬው ነዋ። ሱባ ጫካ በእግሩ የገባ ሰው (እዛ ለአደን አይደለም የሚኬደው) ጥዱ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ያውቀዋል፣ ባሌና አርሲ ውስጥ የደጋ አጋዘን የሚገኝበት አስታና ኮሶ ከዛ አያንስም፣ ከፍታውም 3,000 ሜትርን የሚያልፍበት ብዙ ነው፣ እዛ ላይ 66 ሴንቲ በርሜል ማንገት ቅርንጫፍ ሁሉ እየያዘው ድምጽ እያሰማ መከራ ነው። ለእንዲህ አይነት ቦታ ከ51 እስከ 56 ሴንቲ፣ እኔ 56ን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ወደ 51 ስትወርዱ ፍንዳታው ለጆሮ በጣም ይቀርባል፣ የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ አንዲት ጥይት መተኮስ እንኳን ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ቆላ ሜዳ ላይ ሳላ የሚያድን ሰው ግን ርቀቱም ስለሚበዛ አየሩም ስለሚወፍር 61 ቢይዝ አልቃወምም። እና ያለ ፈቃድ የሚደረገውን አደን እኔ አደን አልለውም፣ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ መሳሪያው በአዋጅ 1177/2012 መሰረት ፈቃድ ይኑረው፣ አደኑ ደግሞ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን።

ልትገዙ ስትሄዱ የሚነገራችሁን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ለኩት። መሳሪያው ባዶ መሆኑን በአይንም በጣትም አረጋግጡ፣ መዝጊያውን ዝጉ፣ ንጹህ የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ቀስ አድርጋችሁ መዝጊያው እስኪነካ አስገቡ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጋችሁ አውጡና በሜትር ለኩ፣ ከፊት የተጠመዘዘ ተቀጥላ ካለ እሱ ከበርሜሉ አይቆጠርም።